በሩ ላይ የቆመው ጌም

ይድረስ ለወንድሜ ለጉድዬ፣

እንዴት ከርመሃል የኔ ወንድም? ጤናህስ? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚያስልህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ደረትህን እየደለቀ ያሳድርሃል? እንቅልፍስ ትተኛለህ? እህል ትቀምሳለህ ወይስ እዚያም ኮምፒውተር ፊት ተጎልተህ ቀኑን በብስኩት ትሸኘዋለህ? እማዬ «ከስቷል ወይ ብለሽ ጠይቂው» ስላለችኝ ጠይቄሃለሁ። እውነቱን ለእኔ ጻፍልኝ፣ ለእሷ ወፍሬያለሁ በላት።

እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ከማኩረፉ በቀር ደህና ናት። እኔም መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተገትሬ ስውል እግሬ ያብጥብኛል እንጂ ደህና ነኝ። ስለ አባባ ወደ ታች እጽፍልሃለሁ። አትደንግጥ፣ በሕይወት አለ፣ በእግሩም ይሄዳል። ግን ነገሩን በስልክ ብጀምርልህ ስሙን ስጠራ ገና «ተይኝ እስቲ እትዬ» ብለህ ታቋርጠኛለህ። ስለዚህ ነው በደብዳቤ የያዝኩህ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የላክኸው የጌምህ ዲቪዲ ደርሶናል። «ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት የመጀመሪያ ስሜትሽን ሳትሳሺ ጻፊልኝ፣ ስለ ካቨሩም ጭምር» ብለኸኝ የለ? እንግዲህ ራስህ የለኮስከው ነው። ከካቨሩ ልጀምር፤ እሱን መስደብ ይቀለኛል።

መጀመሪያ ያ ላስቲኩ። መቅደጃ የለው፣ የሚያዝ ጫፍ የለው። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ሞከርኩ፣ በመጨረሻ በእማዬ የሽንኩርት ቢላ ስሰነጥቀው የውስጡን ወረቀት አብሬ ተለተልኩት። የጎኑ ጽሑፍ ደግሞ በጥቁር ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ይህን ቀለም የመረጠው ሰውዬ የሚያየው በምኑ ነው? መደርደሪያ ላይ ብታቆመው ማንም ልብ አይለውም። ፊደሉም ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ ለማንበብ አንገትህን እንደ ዶሮ ማጣመም አለብህ። ጀርባው ላይ ታሪኩን ግማሽ ድረስ ዘርግፈውታል፤ ጨርሰው ቢነግሩን ምን ቀራቸው? ታሪኩን የጻፍከው የአንተ ስም ግን ከታች ጥግ ላይ፣ የጉንዳን እግር በምታህል ፊደል ተወሽቃለች። እኛ ጋ የሳል ሽሮፕ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ እንኳ ከእሷ ይተልቃል።

ከሁሉ የከፋው መሃል ላይ ዲስኩን የያዘው ጥርስ ነው። እንደ ጅብ መንጋጋ አንዴ ከነከሰ አይለቅም። እማዬ «ቀስ፣ ቀስ በይ» እያለች፣ እኔ መሃሉን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ጠርዙን ሳነሳው ዲስኩ ጎበጠ፣ ጎበጠና «ቀጭ» አለ። ሳየው ከመሃሉ ቀዳዳ የተነሳ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ወጥቶበታል።

የጌም ማጫወቻውን ያዋሰን ሽቦው ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ጎረቤታችን የሆነ፣ ቴሌቪዥንና ራዲዮ የሚጠግን ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ሽቦው የሚለውን ስም ሰፈሩ ያወጣለት ለቅጥነቱ ይሁን ለሥራው እንጃ። ዲስኩን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና «ይሠራል፤ ግን ባስነሳችሁት ቁጥር ስንጥቁ ይሮጣል። አንዴ ከከፈታችሁት እስክትጨርሱ አታጥፉት» አለን።

ይህን ሁሉ ያደረግነው ከአባባ ተደብቀን ነው። የካቨሩን ሥዕል እንዳየሁት ነበር መደበቅ እንዳለብን የገባኝ። አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? የቤታችንን በር! አባባ በገዛ እጁ የሠራውን፣ ከታች ዝናብ የበላውን ጣውላ አውጥቶ ሌላ የተካበትን ልጥፍ እንኳ ሳትተው! በዚህ ቤት ስምህ እንዳይነሳ ካለ ወዲህ እኔና እማዬ ስላንተ የምናወራው እንደ ሌባ በሹክሹክታ ነው፤ አንተ ደግሞ በሩን ራሱን በፖስታ ላክህልን። ካቨሩን መሳቢያ ውስጥ፣ ፎጣ ሥር ቀበርኩት። አባባ እንጨት ሊገዛ የሚወጣበትን ቅዳሜ ጠብቀን ከምሳ በኋላ ጌሙን ከፈትነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ አካሄዱ ይንቀራፈፋል። የጌሙ ልጅ ከመኝታ ቤቱ ተነስቶ አናጢው አባቱ የሥራ ቦታ እስኪደርስ ሰው አርጅቶ ይሞታል፤ መሮጥ ብሎ ነገር የለም። ቁም ሣጥን አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ሥዕሉ በራሱ ይዞርና ልጁን ትቶ የቁም ሣጥኑን ጎን ያሳየኛል። እነዚህን አስተካክሉ። የመላጊያው ድምፅ ግን! እንጨቱ ላይ ሽርርር ሲል እማዬ ዘወር ብላ የአባባ የሥራ ቦታ ወዳለበት ጓሮ አየች፤ አባባ የተመለሰ መስሏት ነው። ጣውላውን ደግፈህ ያዝ የሚለው ቦታ ላይ ቁልፉን እኩል መጫን አቅቶኝ ጣውላው ሲንቀጠቀጥብኝ፣ የጌሙ አባት «ቀጥ አድርገህ ያዝ! ነፋስ ነው እንዴ የወለደህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ጆይስቲኩን ከእጄ ልጥለው ምንም አልቀረኝ። ቃል በቃል የአባባ ነው። እናትየው «ብላ እንጂ!» ስትል እማዬ «እኔ እንዲህ አልጮህም» ብላ ቴሌቪዥኑን ተቆጣችው። ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ እሷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ጀመር።

ልጁ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ማጠፍ የጀመረበት ቦታ ላይ ደርሰን ነበር። ከኋላችን «ይሄ በር እንዲህ አይከፈትም» የሚል ድምፅ ሰማን።

አባባ ነው። እንጨት ሻጩ ዘግቶ ስለጠበቀው ቶሎ ተመልሶ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቅንም። «ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ማን ነው ወደ ውጭ ያደረገው?» አለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ። እኔ «ጌም ነው አባባ፣ አሁን አጠፋዋለሁ» አልኩና፣ ሽቦው አታጥፉት ያለው ትዝ ሲለኝ ጣቴ አየር ላይ ቀረ። «ማን ነው የሠራው?» አለ ደግሞ።

እማዬ ያደረገችውን እኔ ብሆን አላደርገውም። ቀስ ብላ ተነስታ ካቨሩን ከፎጣው ሥር አወጣችና በእጁ አስያዘችው። በሩን አየ። አገላበጠው። የሥራ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጋቱራውን በሸሚዙ ጠረገና አጠለቀው፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ስምህን ይፈልግ ጀመር። ጉድዬ፣ ያን ፊደል ያሳነሰውን ሰውዬ ያን ጊዜ ባገኘው አንቀው ነበር! አባትህ ያንን ሁሉ ጽሑፍ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንዴ አርቆ አንዴ አቅርቦ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ይቀደዋል ብዬ ነበር። መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና «ቀጥይ» አለኝ።

ቀጠልኩ። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሥራ ቦታው ሲገባ «አባትና ልጅ» የሚለው ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ልጁ ኮምፒውተር ልማር እሄዳለሁ ይላል፤ አባትየው ጀርባውን ሰጥቶ ይልጋል። እኔና እማዬ አንተ የሄድክ ቀን ወጥ ቤት ሆነን በግድግዳው የሰማነውን እናውቃለን። «ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም» ነበር አባባ ያለህ። ያቺ ቃል አሁን ከቴሌቪዥኑ ልትወጣ ነው ብዬ ወደ አባባ ዞርኩ። የአባባን ደም ግፊት የምለካው እኔ ነኝ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ከጎኑ ሆኜ አየዋለሁ።

የጌሙ አባት ግን «ስትወጣ በሩን ዝጋው» ብቻ አለ።

«እኔ ያልኩት ይሄን አይደለም» አለ አባባ። እማዬ ደንግጣ «ተው በቃ፣ ጌም እኮ ነው» አለችው። «የባሰ ነው ያልኩት» አለ። ቆየና «ልጁ አውቆ ነው የተወልኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተው ነህ የጻፍከው። ልጁ በሩ ላይ ይደርሳል፣ ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል፣ «ዞረህ እይ» እና «ሂድ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ። የትኛውን ልጫን? «ዞረህ እይ»ን ብጫን ልጁ ምን ሊያይ ነው? የአባቱን ጀርባ? «ሂድ»ን ብጫንስ አባባ ከጎኔ ተቀምጦ ምን ሊሆን ነው? ጣቴን ወደ አንዱ ላስጠጋ ስል «ቆይ፣ አትንኪው» አለኝ። እጁን እጄ ላይ ጭኖ ነው። ቆየን። ማጫወቻው በውስጡ ቅጭ፣ ቅጭ ማለት ጀመረ። የልጁ ምስል ተሸራረፈ፣ ሁለቱ ምርጫዎች ጠፉ፣ ከዚያ ጨለማ ሆነ።

ያላደረግነው የለም። አጠፋን፣ አበራን፣ ዲስኩን አውጥተን በለስላሳ ጨርቅ ጠረግን። ሽቦው ተጠርቶ መጣና «ስንጥቁ ዳር ደርሷል፤ አልቆለታል» አለ። አባባ ሽቦውን በር ድረስ ሸኘው። አባባ ሰው ሲሸኝ አይተህ ታውቃለህ? ተከትዬ ሰማሁት። «ለመሆኑ ልጁ ዞሮ ያያል ወይስ አያይም?» ብሎ ጠየቀው። ሽቦው ሳቅ ብሎ «አባባ፣ እሱማ እንደሚጫወተው ሰው ነው፤ ሁለቱም አለ» አለው። አባባ ግን አልሳቀም። «የጌሙን አይደለም የምጠይቅህ» አለው። ምስኪኑ ሽቦው ግራ ገብቶት ቻው ብሎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ልክ አይደለም። አባባ መጋዝ አላነሳም። የተጀመረ አልጋ እንዳለ ተቀምጧል፤ ባለቤትየው ሁለት ጊዜ መጥታ ተቆጥታ ሄዳለች። ደም ግፊቱም ከፍ ብሏል። ወደ ሥራ ቦታው ይገባና መላጊያው አጠገብ፣ አንተ ስትሄድ በቆመበት ቦታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቆማል፤ ከዚያ ዘወር ብሎ በሩን ያያል። እማዬ «አእምሮው ሊነካ ነው» እያለች ታለቅሳለች። እኔም ፈርቼ በየሰበቡ እገባበታለሁ።

ትናንት የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ እየጠቀለልኩ «አባባ፣ ሌላ ዲስክ ይላክልን ብዬ ልጻፍለት?» አልኩት። ስምህን አልጠራሁም፤ ማንን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም። «ዲስክ አልፈልግም» አለ። መለኪያው አየሩን ሲያስተነፍስ «እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ አላየሁም። እናንተም ወጥ ቤት ነበራችሁ። ዞሮ አይቶኝ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው» አለኝ።

ወንድሜ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ያን ቀን ዞረህ እንደሆነም እንዳልዞርክም አላውቅም፤ ንገረኝም አልልህም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እሱን ደስ ይበለው ብለህ ያልሆነውን እንዳትነግረው። ዕድሜውን በሙሉ እንጨት ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ነው፤ ውስጡ የተቦረቦረውን በድምፁ ያውቀዋል። ካልዞርክም እውነቱን ንገረው። ይችለዋል ብዬ አምናለሁ። ባይችልም መለኪያዬን ይዤ አጠገቡ አለሁ።

እማዬ ዓይንህን ስማ፣ አንገትህን ስማ፣ «በብርድ ኮት ሳትለብስ እንዳትወጣ» ብላሃለች። የጎን ቤቷ አክስታችን «ለእኔም እንደ እናትህ አንድ ነገር ላክ፣ ጌም ግን አይሁን» ብላለች። ሽቦውም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል፤ ዲስኩን የሚይዘውን ጥርስ እንድታላሉት አደራ ይላል። እኔም የምናፍቅህ እህትህ በጣም ሰላም ብዬሃለሁ።

አባባ ይህን ስጽፍ በጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ጊዜ አለፈ። ሰላም በይልኝ አላለም። አሁን ግን ስልኩን ይዞ መጣና ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ አለኝ፤ ሲጠራ እንዳያመልጠው ነው። ከፍ አደረግኩለት። በር ላይ ሲደርስ ጀርባውን እንደሰጠኝ «ቁጥሬ አልተለወጠም በይው» ብሎኝ ወጣ።

ታላቅ እህትህ

ከእማዬ የምግብ ጠረጴዛ ላይ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት አጋማሽ