ለኩላሊቴ ክብር ስለሚደገሰው ድግስ

ለክቡር ባቶኖ ቫርላም ጎጎላዜ፤
የህንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የሰርጋችንም የልቅሷችንም ታማዳ፣ ጽዋ ሳያስነሳ ሰው የማያስቀብር የማዕዳችን አለቃ፤
ኩታይሲ።

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት አምስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን በእግሩ ወጥቶ ይድረስዎት፤ አሳንሰሩ እንደሆነ አይሠራም። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? ባለቤትዎ፣ የተከበሩት ካልባቶኖ ጉልናራ ደህና ናቸው? ለእርስዎ ጤና በየሳምንቱ ጽዋ ሲነሳ በመስኮቴ ስለምሰማ ክፉ እንደማያገኝዎት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ወግ ነውና ጠየቅሁ። ቀበቶዎንም በዚሁ አጋጣሚ ሰላም እላለሁ፤ ብዙ የቻለ ቀበቶ ነው፣ እግዜር ያበርታው።

ይህንን ደብዳቤ በመግቢያው በር ላይ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን የለጠፍሁት ለድፍረት አይደለም። ማስታወቂያዎ «ሐሙስ ምሽት ለጀግናው ጎረቤታችን ለኑግዛር ባክራዜ ታላቅ የሽኝት ድግስ ይደረጋል፤ የቀረ ጎረቤት ጎረቤት አይደለም» ስለሚልና ጀግናው ኑግዛር እኔው ስለሆንሁ፣ መልሱም እዚያው ቢሰቀል ያምራል ብዬ ነው።

ለሚያልፍ ለሚያገድመው እንግዳም ነገሩ ይገባው ዘንድ ከሥሩ ልጀምር። ታናሽ ወንድሜ ጌላ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከከዱት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን ይታጠባል፤ ከከንፈሩ ማርጠቢያ ያለፈ ውሃም አይፈቀድለትም። ተመረመርንና የእኔ ኩላሊት ልኩ ሆኖ ተገኘ። የትብሊሲው ሐኪም ግን ሸሚዜን አስገልቦ አየኝና «ኩላሊትህ ለወንድምህ ይሆነዋል፤ ቦርጭህ ግን ለእኔ አይሆነኝም፤ በዚህ ሁሉ ስብ ውስጥ ቢላዬን አልሰድም» አለኝ። ከዘጠና ኪሎ በታች ሆነህ ና፣ ዳቦና ድንች፣ ስኳርና ወይን ተው፣ ሥጋና እንቁላል፣ አሳና ጎመን ብላ፣ ብረት አንሳ፣ ዝም ብለህ ብትራብ ስብህን ትተህ ጡንቻህን ነው የምትበላው ብሎ መክሮ ሸኘኝ። ሆዴን ይዤ ወደ ኩታይሲ ተመለስሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እርስዎ ያውቁታል፣ ግን ያወቁት አይመስሉምና በቅደም ተከተል ላስታውስዎት።

አንደኛ፤ ስለ ቁልፉ።

በበጋው መጨረሻ በርዎን ያንኳኳሁት የምድር ቤቱን ቁልፍ ልለምን ነበር። የአሮጌ ጭነት መኪና ቸርኬዎችን በብረት ዘንግ ላይ አስበይጄ ነበርና፣ ቤቴ ውስጥ ባነሳቸው የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ጣሪያ ሾርባቸው ውስጥ ይገባል ብዬ ነው። ምክንያቱን ስነግርዎት አለቀሱ። እውነትም አለቀሱ፣ ይህን አልክድም። ሁለቱንም ጉንጬን ስመው «ኑግዛር፣ አንተማ ሰው አይደለህም፣ መልአክ ነህ! ጉልናራ! ማሰሮውን አምጪው፣ ይሄማ ሳይጠጣበት አይታለፍም!» አሉ። ለቁልፍ መጥቼ በዘፈን ወጣሁ። የሐኪሙ ቃል ከጆሮዬ ሳይደርቅ ግማሽ ማሰሮ ወይንና ሁለት ድፍን ካቻፑሪ፣ ያውም አይቡ ከዳቦው የሚበልጠው የካልባቶኖ ጉልናራ ካቻፑሪ፣ በሆዴ ውስጥ ነበሩ። ለቁልፉ አመሰግናለሁ፤ በማግስቱ ሰጡኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ክብሬ።

ከዚያ ወዲያ ለግቢው ሰው ሁሉ ስለ እኔ ሰብከዋልና፣ ኩላሊቴ ከእኔ በፊት ታዋቂ ሆነች። ህንፃው ሦስት መወጣጫ አለውና፣ የመጀመሪያው ደረጃ ነዋሪዎች «ለጀግናችን» ብለው ደገሱ። ሁለተኛው ደረጃ ተቀየመ፤ «እኛስ ከማን አንሰን?» ብሎ ባለ ሁለት በግ ደገሰ። ሦስተኛው ደረጃ ያደረገውን አልናገርም፣ ልጆች ያነባሉ። ላለመብላት ብሞክር «እንዲህ ያለ ሰው በባዶ ሆዱ ቢላ ሥር ይተኛ እንዴ? ብላ እንጂ!» እያሉ ያጎርሱኛል። ጉርሻ ካላስጨነቀ አያምርም ይባላል፤ እኔ እንኳን መጨነቅ፣ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር። ባለቤቴ ማቅቫላም በጆሮዬ «ቅመስላቸው በቃ፣ ነውር ነው» ትለኝ ነበር፤ እቀምሳለሁ፣ የእኛ ሰው ቅምሻ ደግሞ ይታወቃል።

በጥቅምት ትብሊሲ ሄጄ ሚዛን ላይ ስወጣ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ። ጨምሬያለሁ። «ምን ነክቶህ ነው?» አለኝ። «ጎረቤቶቼ እያከበሩኝ ነው» አልሁት። «እንግዲያውስ ትንሽ እንዲንቁህ ለምናቸው» አለኝና ቀጠሮውን ወደ ኅዳር መጨረሻ ገፋው። ጌላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ሰምቷል። መኪና ውስጥ ስንገባ «ወንድምዓለም፣ እኔ ኩላሊቷን ስጠብቅ አንተ በቅቤ እያሸህ ልታመጣልኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሱ ሳቀ፣ እኔ አፈርሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፣ ባቶኖ ቫርላም።

ሦስተኛ፤ ስለ ዋንጫው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቆረጥሁ። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን የተጠበሰ ሥጋ ከቅጠላ ቅጠል ጋር፣ ማታ ጎመን ከዋልነት ለውዝ ጋር። ማቅቫላ «አንተ ሰውዬ፣ ዳቦ ሳትበላ የክርስቲያን ልጅ ነኝ ልትል ነው?» እያለች መጀመሪያ ተቆጣች፤ ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም ሲል ግን ፈገግ ማለት ጀመረች፤ የዚህን ዝርዝር ለማኅበሩ ማሳወቅ አያስፈልግም። በደጃፌ የሚቀመጠውን ካቻፑሪ ሁሉ የግቢው ውሻ ይረከበኛል። ውሻው አሁን ድመት ሲያይ ተኝቶ ነው የሚጮኸው።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የጊዮርጊስ በዓል ደረሰ። የግቢው ሰው ሁሉ በረጅሙ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ሳለ እርስዎ ተነሥተው ያንን የአያትዎን የቀንድ ዋንጫ ሞሉ፤ ስለ ጌላ ጤና ድንጋይ የሚያስለቅስ ንግግር አደረጉ፤ ዋንጫውንም «እስከ ጠብታዋ!» ብለው ለእኔ አቀበሉኝ። ልማዱን አውቃለሁ፤ የተቀበሉትን ዋንጫ ሳይጨርሱ ማስቀመጥ ታማዳን በጥፊ ከመምታት ይብሳል። ቀንድ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አይቆምም፣ ካልጠጡት ይደፋል። እኔም ተነሥቼ ጉንጬን እንኳ ሳላርስ፣ ወይኑን ከወይኑ ሐረግ ሥር ባለው አፈር ላይ አፈሰስሁት።

እርስዎም «ለወንድሙ ጤና የማይጠጣ፣ ይሄ ምን ዓይነት ወንድም ነው? ኩላሊቱን ሊሰጥ ነው ወይስ ሊሸጥ?» አሉ። ይቺ ቃል አሁንም እዚህ ደረቴ ላይ አለች። ጌላ በዚያ ሰዓት እኔ ቤት ከመስኮቱ ሥር ተኝቶ ነበር፤ ድምፅዎ የታማዳ ድምፅ ነውና አንዲትም አላመለጠችው። ለእሱ ጤና የጠጣችሁት ወይን ቢጠራቀም ሪዮኒ ወንዝን ከድልድዩ በላይ ያደርሰው ነበር፤ ጤናው ግን እስካሁን አልመጣም።

አራተኛ፤ ስለ ጠረጴዛዎቹ።

በማግስቱ ምድር ቤት ስወርድ ብረቶቼ ውጭ ዝናብ ላይ ተጥለው፣ በሩ በአዲስ ቁልፍ ተቆልፎ አገኘሁ። ማኅበሩ ለእኔ ክብር ለሚደረጉ ድግሶች ነዋሪው ባዋጣው ገንዘብ አዳዲስ ጠረጴዛዎችና አንድ በሬ የሚቀቅል ድስት መግዛቱን፣ ማስቀመጫም በማጣቱ የእኔን ዕቃ ማውጣቱን ከማስታወቂያዎ ተረዳሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲባል እሰማ ነበር፤ ለክብሬ የተገዛ ጠረጴዛ ብረቴን ሲያባርር ግን ጉዱ እስከ ኅዳርም ዘለቀ።

አሁን ምስጋና ላይ ደረስሁ፣ ይህችን ከልቤ ነው የምላት። አሳንሰሩን ስላላስጠገኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሳጥኑ የሚጨመርለትን ሳንቲም እየበላ ይሠራ የነበረው አሳንሰር ሳንቲሙን መብላቱን ቀጥሎ ሥራውን ብቻ ካቆመ ወዲህ፣ ብረት የተነፈግሁት እኔ የጎረቤቱን ሸክም ሁሉ ጀርባዬ ላይ እያደረግሁ ደረጃውን ወጣሁ። የአሮጊቶቹን ድንች ተሸከምሁ። የሁለተኛ ደረጃውን የሙሽራ ቁም ሣጥን ተሸከምሁ። የካልባቶኖ ጉልናራን የዱቄት ጆንያ፣ አዎን፣ ያንኑ ካቻፑሪ የሚሆነውን ዱቄት፣ አምስተኛ ፎቅ ድረስ አድርሼያለሁ። ለሐሙሱ ድግስ የመጡትን የእርስዎን ትልልቅ የወይን ጠርሙሶችም ትናንት በትከሻዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ በሩን ከፍተው «ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ እዚያ ጥግ አድርገው» ብለው ፊቴን ሳያዩ ተመለሱ። ኮፍያ አድርጌ ነበር፣ ከቀነስሁም በኋላ ከኋላ አልታወቅም። ሐኪሙ ያዘዘው ብረት ያልሠራውን እግር የእርስዎ ቸልተኝነት ሠራልኝ።

አምስተኛና የመጨረሻ፤ ስለ ሐሙሱ ድግስ።

ባቶኖ ቫርላም፣ እዚህች ላይ ቀልዱን ትቼ ልንገርዎት፤ ፈርቻለሁ። ቢላውን አይደለም የፈራሁት። ዓርብ ጠዋት ትብሊሲ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ዛሬ ስመዘን ከተባለው ልክ ጥቂት ዝቅ ብያለሁ፤ ያቺ ጥቂት ግን የእርስዎ አንድ ዋንጫና የካልባቶኖ ጉልናራ አንድ ካቻፑሪ የሚደፏት ናት። ዓርብ ካለፈኝ የቀዶ ጥገናው ተራ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ጌላም እስከ ፋሲካ ይጠብቃል። ጌላን በቅርብ ያየ ሰው ፋሲካ ሩቅ እንደሆነ ያውቃል። እጆቹ አብጠዋል፣ ደረጃ የሚወጣው እኔ አዝዬው ነው፣ እኔን ደግሞ ያስደነገጠኝ ክብደቱ ሳይሆን ቅለቱ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ማታ ደግሱ፣ ብሉ፣ ጠጡ፣ ዝፈኑ። ደግስ ያለ አንደበት አትደግስ ቢሉት ይታመማልና እርስዎን አልከለክልም። እኔ ግን በሬን ቆልፌ ከወንድሜ ጋር እቀመጣለሁ፤ የጠራኝን አልሰማም፣ ያንኳኳውን አልከፍትም፣ በመስኮት ካቻፑሪ የሚወረውር ካለም ውሻው ዝግጁ ነው። ይህ ንቀት ከሆነ ናቅሁ በሉኝ። «ምን ዓይነት ወንድም ነው?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ እሱ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ወንድም ነኝ።

ይህንኑ በትሕትና እየገለጽሁ፣ ድምፅዎ ሳይሰነጠቅ፣ ቀበቶዎ ሳይበጠስ፣ ማሰሮዎ ሳይነጥፍ፣ አሳንሰሩም ቢያንስ እስከ ዓርብ ድረስ ሳይጠገን እንዲቆይልኝ እየጸለይሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካነሰ ቦርጭ ጋር እሰናበታለሁ።

አክባሪዎና ተሸካሚዎ
ኑግዛር ባክራዜ
አራተኛ ፎቅ፣ የዱቄቱ ደረጃ

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ ሳነብለት ጌላ አንድ መልእክት ጨምርልኝ ብሎኛል፣ ቃሉን እንዳለ ነው የማስቀምጠው። «ለጋሼ ቫርላም ንገርልኝ፤ ኩላሊቷ ከሠራችልኝ ያንን የአያታቸውን ዋንጫ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው በግቢው ሰው ሁሉ ፊት እንዲሰጡኝ እፈልጋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጤናዬ ሲጠጡ ከመስኮት ሆኜ ከንፈሬን እየላስሁ ሰምቻለሁ፤ አሁን እኔ ራሴ እጠጣለታለሁ፣ እስከ ጠብታዋ። በውሃ ጽዋ አይነሳም እንዳይሉኝ። ንግግሩንም እሳቸው ያድርጉት፣ ከእሳቸው የሚሻል የለም።» ስለዚህ ባቶኖ ቫርላም፣ ዋንጫውን ካሁኑ ያጥቡት፤ የወይን ሽታ እንዳይኖረው።