አንድ ጠብታ የማያፈሰው ባልዲ

ጥር 16፣ ጠዋት 12:30

ዛሬ ሁለት ጆግ አጠጣኋት። ቅጠሏ ያው ተንጠልጥሏል፣ እንደ ረጠበ ጨርቅ። ትላንት አንድ ጆግ ነበር፣ አልበቃትም ማለት ነው። ከሰዓት ሦስት አደርገዋለሁ። አንተ ደብተር፣ አትስጋ። ደ/ታቦር ውስጥ እንደ እኔ እንደ አበጀ ባጃጅ የሚነዳ የለም፤ አንዲት ጽጌረዳ ታቅተኛለች?

እትዬ ጥሩወርቅ ባ/ዳር ልጃቸው ሰናይት ዘንድ ከሄዱ ስምንት ቀን ሆነ። የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ። አከራዬ ናቸው፣ ግን እኔን ከልጃቸው አይለዩኝም። ሲሄዱ ግቢውንም አበባውንም ለኔ አደራ ሰጡኝ። አንተንም የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ጉራህን ለዚህ ንገረው፣ እኔስ ጆሮዬ ደከመ ብለው።

አበባዋን ሟች ባላቸው ናቸው ከይፋግ አምጥተው የተከሏት። እትዬ አራት ዓመት ሙሉ አላዩዋትም፣ በጣታቸው ነው የሚያውቋት። ዓይኔ ሲበራ ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው አሉ። እኔ ምን አልኩ? ስትመጡ ሠርግ ቤት ነው የምትመስለው አልኩ። አፌ!

ጥር 18፣ 6 ሰዓት

ሁለት ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደቀ።

ምኑ ጎደላት? የዛገ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነበረች፣ ያሳፍራል ብዬ እትዬ በሄዱ ማግስት ነጭ የቀለም ባልዲ ውስጥ አዛወርኳት። የባጃጄን ስቲከር ለጠፍኩበት። ታቹ ስንጥቅ ነበረው፣ በማስቲሽ ደፈንኩት። አሁን አንድ ጠብታ አያፈስም። የሚያፈስ ነገር አልወድም። ባጃጅም ሲያፈስ ታሟል ማለት ነው።

ጓደኛዬ ሙሌ ባጃጅ ተራ ላይ ሲያየኝ ይጮሃል። የአበባ ሐኪሙ መጣ! በሽተኛህ አድራለች ወይስ ድንኳን እንትከል? ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ጥር 20

አምስት ቅጠል። ግማሽ ጀሪካን ጠበል አመጣሁ፣ ሁሉንም አፈሰስኩባት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ንገረኛ!

ጥር 21፣ ከሰዓት 10:00

ሰናይት ደወለች። ፋሻው ተነሳ፣ ያያሉ! እትዬ ስልኩን ተቀበሏት። እየሳቁ ነው። መጀመሪያ ያየኋት ሰናይትን ነው፣ አንቺ እንዴት አርጅተሻል ብያት ተቀየመችኝ አሉ። ቀጥለው አበባዬስ አሉኝ።

አብባለች እትዬ፣ ሦስት ራስ! አልኩ።

ሦስት ራስ። አንድ እምቡጥ ናት ያለችው፣ እሷም አንገቷን ደፍታለች። ከሳምንት በኋላ እመጣለሁ አሉ። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። እጄ አብጧል።

ጥር 22፣ 4 ሰዓት

ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ጨርቅ ነጋዴው። ሱቃቸው በር ላይ ጽጌረዳ አላቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ያብባል። ምን ያህል እንደማጠጣት ነገርኳቸው። አፈሩን በጣትህ ነክተህ ታውቃለህ? አሉ። አላውቅም። ውሃው በየት በኩል ይወጣል? አሉ። በኩራት፣ የትም አይወጣም፣ እኔ ራሴ ነኝ የደፈንኩት፣ አንድ ጠብታ አያፈስም! አልኩ።

ሳቁ። ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ ድንገት ተዉት።

«ልጄ፣ አስጥመሃታል» አሉኝ።

የተጠማም ቅጠል ይወድቃል፣ የሰጠመም ይወድቃል፣ ሲያዩት አንድ ነው። የሚለየው አፈሩ ነው። ሥሯ ከበሰበሰ ብታጠጣትም አትጠጣም አሉ። ሰማህ? ሞተር ነዳጅ በዝቶበት አልነሳ ሲል ነዳጅ የሚጨምርበትን ሰው እኔ በጥፊ ነው የምለው። እኔ!

ከሰዓት 9:00

ገለበጥኳት። ሽታው የረግረግ ነው። ሥሯ ጥቁር፣ ስነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጩ ይወልቃል። ነጭ የቀረው ከእጄ ጣቶች አይበልጥም። የበሰበሰውን በምላጭ አነሳሁ። አፈርና አሸዋ ቀላቀልኩ። የድሮውን ቆርቆሮ ጓሮ አገኘሁት፣ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። ታቹን አየሁ። አራት ቀዳዳ፣ በሚስማር የተበሳ። ሟቹ የእትዬ ባል ናቸው የበሱት። ሰውዬው ያውቁ ነበር እኮ! እኔ ዝገት ነው ያየሁት።

ጋሽ ሰይድ ይህ ሥር ያን ሁሉ ቅርንጫፍ አይቀልብም፣ ከላይም ግማሹን ቁረጥ ብለዋል። ቆረጥኩ። እምቡጧንም። እሷን ስቆርጥ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጥር 25

ጥላ ሥር ናት። አታጠጣት ተብያለሁ፣ አፈሩ አንድ ጣት ወደ ታች ካልደረቀ። ምንም አለማድረግ እንዲህ ይከብዳል? እጄ ይበላኛል። ጆጉን ወስጄ ሙሌ ቤት አስቀመጥኩት፣ እንዳልሳሳት። የቀሩት ቅጠሎች ሁሉ ረገፉ። የጉና ተራራ ብርድ ደግሞ ዛሬ አጥንት ይሰብራል። ዱላ ሆናለች። አፈር ላይ የተሰካ ዱላ።

ጥር 28፣ 11 ሰዓት

እትዬ ነገ ይገባሉ።

ሙሌ መላ አመጣ። ከዘበኛው ጋር የሚተዋወቅበት ሆቴል አለ፣ እዚያ እንደኛይቱ ቀይ ጽጌረዳ አለች፣ ለሁለት ቀን እናስቀምጣት፣ አሮጊት ምን ታውቃለች አለ። ባጃጄ ኋላ ወንበር ላይ ጭኜ አመጣኋት። ደጃፉ ላይ አኖርኳት። አምስት ራስ! እውነትም ሠርግ ቤት።

ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኳት፣ እንደ እትዬ። እሾኋ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የኛይቱ ግንድ ታቹ ላይ እብጠት አለው፣ እትዬ አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉበት። ይቺ ልሙጥ ናት። በአንድ ጣት ያውቃሉ። ባያውቁስ? አራት ዓመት ጨለማ ውስጥ ቆይተው ቤታቸው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የኔን ውሸት?

አለቀስኩ። ለማንም እንዳትናገር።

ጥር 29፣ ጠዋት 3:00

የሆቴሉን መለስኩ። ሙሌ ቂል አለኝ። ይበለኝ።

ግንዷን ታቹ ላይ በጥፍሬ ጫርኩት። ከላይ ደረቅ ነው። ከእብጠቱ በታች ግን አረንጓዴ አለ፣ ትንሽ። ጎኑ ላይ ቀይ ነጥብ አለች፣ የመርፌ ራስ የምታክል። ቡቃያ ትሁን ቆሻሻ አላውቅም። አልነካኋትም።

ቆርቆሮውን ደጃፉ ላይ መለስኩት፣ የነበረበት ቦታ። ዱላዋን ያዩዋታል። ባጃጁን አጥቤያለሁ። ከመናኸሪያ ስቀበላቸው ግቢ ሳንደርስ ሞተሩን አጥፍቼ እነግራቸዋለሁ። ሦስት ራስ ያልኩት ውሸት ነው፣ የደፈንኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ቃል ቢጠፋኝ አንተን አወጣና አነብላቸዋለሁ፣ ሙሉውን፣ ያለቀስኩበትንም።

ስልክ። እትዬ ናቸው። ከመኪና ውስጥ ይሆናል። ለምን እስኪደርሱ እጠብቃለሁ? አሁኑኑ ነው የምነግራቸው። አነሳዋለሁ።