ሁለት ሴቶች የተካፈልነው ሹመት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለሐጂ ዳሃብ፣

የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለው? አሁንም ቴምር ለማውረድ ዘንባባ ላይ እንደሚወጡ ሰምቻለሁ፤ ኧረ ለወንድሜ ለፊክሪ ይተዉለት! እኛ ዘንድ ከናፍቆት በቀር ሌላ በሽታ የለም፣ አልሐምዱሊላህ።

አባቴ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ እንዲኮሩብኝ ነው። ባለቤቴ ሳሊሕ ትራሙን ሊነዳ ሳይነጋ ይወጣል፤ እኔ ማታ ከልብስ ፋብሪካው ስመለስ እሱ ተኝቷል። አንድ ቀን ጎረቤታችን ኡም ረጀብ ደረጃ ላይ ይዛኝ፣ «ልጄ፣ ደብቀሽኝ ነው እንጂ ተፋታችኋል አይደል?» አለችኝ። እዚያው ሳቅኩ፤ ቤት ስገባ ግን እንባዬ መጣ።

በዚያው ሰሞን አለቃዬ ኡስታዝ ለምዒ ጠርተው የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ላደርግሽ ነው አሉኝ። ስንት ዘመን የተመኘሁት ሹመት! ሥራው ግን እንደ አሁኑ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ዐሥር ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ የምሄድ ከሆነ እሺ አልኳቸው። «ምነው ናብራ፣ ባልሽ ካላጎረስሽው አይበላም?» ብለው አሾፉብኝ። «እሱስ ይበላል ኡስታዝ፤ ብቻዬን መብላት የሰለቸኝ እኔ ነኝ» አልኩ። «እንግዲያው ለራውያ እሰጣታለሁ» ሲሉኝ፣ «ይስጧት» ብዬ ወጣሁ።

ራውያ አጠገቤ የምትሰፋ ጓደኛዬ ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለችና ብትቀበል አልቀየማትም ነበር። እሷ ግን ኡስታዝ ለምዒ ዘንድ ገብታ፣ «የናብራን ቦታ ብቻዬን አልወስድም፤ ለሁለት ያካፍሉን» አለቻቸው። እናቷ ከቀትር በኋላ ልጆቹን ስለምትይዝላት፣ እሷ የከሰዓቱን፣ እኔ የጠዋቱን እንድንመራ ማለቷ ነው።

«አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሴት? ፀጉር ልትነጫጩ?» ብለው ጮኹ።

«ፀጉራችንን ሸፍነነዋል ኡስታዝ» አለቻቸው ራውያ። ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እስቲ እንሞክረው አሉ። ይኸው ሙከራው አልፎ ሹመቱ ጸናልን፤ የሁለታችንም ስም በሩ ላይ ተጽፏል።

መጀመሪያ በጊዜ የገባሁ ዕለት ሳሊሕ በሩን ከፍቶ፣ «እመቤት፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። ዓሣ ጠብሼ ሰገነት ላይ ተቀመጥን። ትራሙ ላይ ዶሮዋ አምልጣባት ተሳፋሪውን ሁሉ ያስነሣችውን ሴት እያወራልኝ ከት ብሎ ሳቀ። አባቴ፣ ሳቁን ረስቼው ኖሯል።

እንግዲህ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ «ልጄ የስፌት ክፍል ኃላፊ ናት፤ እራቷንም ከባሏ ጋር ትበላለች» ብለው ይንገሩልኝ። ሁለቱንም ይንገሩ፣ አንዱን እንዳያስቀሩ።

እናቴን እጇን ይሳሙልኝ። ፊክሪንና ሚስቱን፣ አዲስ የተወለደውን ሕፃናቸውን፣ አክስቴን ሰይዳንም በእኔ ስም ይቀፉልኝ።

ልጅዎ ናብራ
እስክንድርያ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2018