ጳጉሜን ያልቆጠርኩበት ወር

ነሐሴ 12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬ የቢሮውን ኮምፒውተር ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እሺ፣ ከዳር። እስከ ዳሩ አልደረስኩም፣ መሃል ላይ ጉድ ሠራሁ።

ደብተሬ፣ ታውቂኛለሽ። ቶለሳ ነኝ፣ የኦቦ ገመቹ እህል መጋዘን ዘበኛ። አምቦ ላይ ከማታ ት/ት ተማሪዎች አንደኛ። በድምፅ።

ምሳ ሰዓት እንደ ልማዴ ድንቂቱን ላያት ቢሮ ገባሁ። ባለቤቴን። ካረፈች ሁለት ክረምት ሆናት። ጌዶ ገበያ በግ ስትጎትት በስልኬ ያነሳኋት አጭር ቪዲዮ አለች። ሌላ የለኝም። ስልኩ ሊሞት ሲያጣጥር ጸሐፊዋ ጫልቱ ቪዲዮዋን የሚዛን ወረቀቶች ከሚቀመጡበት ላይ ጫነችልኝ። ክላውድ ይሉታል። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል እንኳ እዚያ ያለው አይጠፋም አለች። ሰው እንደሚያጠፋው አልነገረችኝም።

የጭነት መኪና ልትቀበል ስትወጣ ልክፈትልዎት ወይ ብላኝ ነበር። ለእኔ! ማንበብ ለሚችል ሰው! ሂጂ አልኳት። ቃላት ተደርድረው ወረዱ። ግማሹን አነበብኩ፣ ግማሹን ገመትኩ፣ ተጫንኩ። ድንቂቱ የለችም። ከታች አንዲት መስመር ብቅ አለች፦ ወደ መጣያ ተወስዷል። እሷን ሳልንተባተብ አነበብኳት።

ነሐሴ 13፣ ጠዋት

ጫልቱ ነገ ለእረፍት ወደ ሸነን ትሄዳለች፣ እናቷ ዘንድ። በዘዴ ጠየቅኳት። አንድ ሰው፣ የማላውቀው ሰው፣ እዚያ ክላውድ ላይ ፋይል ቢያጠፋ ምን ይሆናል?

መጣያው ውስጥ ወር ይቆያል፣ እስከዚያ መመለስ ይቻላል፣ ከዚያ በራሱ ይጠፋል አለች። ምነው ኦቦ ቶለሳ፣ ኮምፒውተር ሊከፍቱብን ነው? እየሳቀች።

እውነቱን ብነግራት ኖሮ አሁኑኑ ትመልሰው ነበር። ግን ጫኞቹ በሩ ላይ ቆመዋል። ትናንት ጋዜጣ ገልብጬ ያነበብኩላቸው እነሱ ናቸው። ጋዜጣው ተገልብጦ እንደነበር ያወቁት ዛሬ ነው። በላዩ ላይ ይህ ቢጨመር!

ወር ይበቃል። ነሐሴ 12፣ መስከረም 12። ቀላል ነው።

ነሐሴ 25

ዝናብ። ቢሮው ተቆልፏል። በመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ራስህ የምትናገረው አይሰማህም። ለነገሩ የምናገረው ለማን ነው? ቤት ስገባ ደህና ዋላችሁ እላለሁ። ከልማድ። ዱላዬን ከበሩ ኋላ አቆማለሁ። 

ቪዲዮዋን በቃሌ አውቃታለሁ። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተንሸራቷል። በጉ አልሄድም ይላል። ዞር ትልና ታየኛለች። አንድ ቀን ታነባለህ ቶሌ፣ አንድ ቀን ትላለች። ከዚያ እጇ ይመጣል፣ ሁሉም ይጨልማል።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ልጆች በዝናቡ ራቁታቸውን ይሯሯጣሉ። ወጥቼ ቆምኩ፣ ጥቂት ራሰ በራዬ ላይ ይውረድ ብዬ። ፀጉር በቀለ ብዬ ደግሞ አልዋሽሽም።

ከጎረቤት መጋዘን ዘበኛ ጋር ቀለድን። ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፣ እኛ ግን ቆመን እንጠብቃታለን። ደመወዝ የሌላት ቀን ደግሞ ቀን ናት ወይ? ሳቀ። ከዚያ ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች፣ ተለያየን።

መስከረም 6

ጫልቱ ተመለሰች። ከሸነን ማር አምጥታልኛለች፣ በውሃ ፕላስቲክ። በኦሮምኛ ባጋ ጌሳን ስትለኝ እንኳን አደረሰሽ ብዬ በአማርኛ መለስኩ፣ የተማርኩ መሆኔን እንዳትረሳው።

ልነግራት ነበር። ጫኞቹ ገቡ። ይቆይ። እስከ 12 ጊዜ አለኝ። ብቻዋን ሳገኛት።

መስከረም 9፣ ከሰዓት

ብቻዋን አገኘኋት። ነገርኳት። አልሳቀችም። መጣያውን ከፈተች። ባዶ።

ገና ሦስት ቀን አለኝ አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። ሠላሳ ቀን ነው ኦቦ ቶለሳ፣ ከትናንት ወዲያ ሞልቷል። ጳጉሜንስ የት ጥለዋት ነው?

ጳጉሜ ደመወዝ የላትም አልኳት። 

ኮምፒውተሩ ደመወዝተኛ አይደለም አለች፣ ቀስ ብላ።

በሩን የያዝኩ መስሎኝ ገፋሁ። የገፋሁት ግን ግድግዳውን ነበር። 

መስከረም 10

ጫልቱ ጠዋት ከበሩ ጠበቀችኝ። ስትጠይቅ አምሽታለች። ይህ የግለሰብ ሳይሆን የድርጅት ክላውድ ነው። መጣያው ባዶ ከሆነ በኋላም ሌላ ሃያ አምስት ቀን አለ። ያኔ እሷ አትችልም። ሁሉንም የሚያስተዳድረው ልጅ፣ አ/አ ያለው፣ እሱ ብቻ ይመልሳል። ከዚያ ካለፈ ማንም አይችልም።

ልጁን የሚያዘው ኦቦ ገመቹ ነው። ስለዚህ ለኦቦ ገመቹ መንገር አለብኝ። በዚህኛው ጊዜ ውስጥ ጳጉሜ የለችም። ሁለቴ ቆጠርኩ።

መስከረም 11

ገባሁ። ኦቦ ገመቹ ከጊንጪ ሰው ጋር ስለ ጤፍ በስልክ ይጮሃል። ጨረሰ። ነገርኩት።

ሚስትህ በእኔ የእህል ሰነድ መሃል ምን ትሠራለች? አለ።

ኩንታል አትሞላም፣ ቦታ አትይዝም አልኩ።

ሊስቅ ነበር፣ ተወው። ምን ትላለች፣ እዚያ ላይ? አለኝ።

አንድ ቀን ታነባለህ ትለኛለች አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ። ደብተሬ፣ ይህ ሰው በቀብር ላይ እንኳ ባርኔጣ አያወልቅም። ስልኩን አንስቶ ለልጁ ራሱ ደወለ። ዛሬ ነገ እንዳትል አለው።

መስከረም 15

የለም እስካሁን። ልጁ ለመስቀል ወደ አገሩ ሄዷል አሉ። በየሰዓቱ ቢሮ ብቅ እላለሁ። ጫልቱ ገና ሳልጠይቅ ራሷን ትነቀንቃለች።

መስከረም 20፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

መጣች!

ጫልቱ ጠራችኝ። ኦቦ ገመቹም ልስማ ብሎ ከኋላዬ ቆመ። ባርኔጣውን ይዞ። አትክፈቺው ልላት ነበር፣ አልቻልኩም። ጫልቱ ከፈተችው።

በጉ አልሄድም ይላል። ነጠላው ይንሸራተታል። ድንቂቱ ዞር ትላለች። ዲሲ! ትላለች፣ ተው ማለቷ ነው። ዲሲ እንጂ፣ ሰው እያየ! እጇ መጣ። ጨለመ። አለቀ።

ኦቦ ገመቹ ጠበቀ። የንባቡስ? አለ።

ክላውዱ ላይ ቀርቶ ይሆናል አልኩ። ጫልቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። እሱ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። የእኔዋም ካሜራ ሳወጣ ይህንኑ ነው የምትለው አለና ወጣ። ጫልቱ አዲሱ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፣ አንዱን ደግሞ እዚያው ተወችው።

ነሐሴ 25 የጻፍኩልሽን፣ ታነባለህ ያለችውን፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ስለ ማንበብ አንድም ቀን አላወራንም። ፊደል የጀመርኩት እሷ ካረፈች በኋላ ነው፣ ማታ ማታ ቤቱ ስለሚከብደኝ። ትምህርቱን ስጨርስ ምስክር ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ፣ ደህና ዋላችሁ አልኩ፣ የሚያየው ሰው ጠፋ። አንድ ሰው እንዲህ ብሎኝ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፣ ቃሉን ለእሷ ሰጠኋት።