ሁለት መቶ አራት ሕመምተኛ ፈረሶች፦ ለአያ ዋጋዬ

ለክቡር አያ ዋጋዬ፣
የፈረስ፣ የበቅሎ፣ የቦታ፣ የሙሽራና ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ገማች፤ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ፤
እንጅባራ።

ከሁሉ በፊት ጉልበትዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ቅዳሜ ዳንግላ ላይ መኪና ሥር ሊያዩ ሲንበረከኩ ሁለት ጊዜ ሲንቋቋ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁና። ዳማው ፈረስዎም ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት በበራችን ሲያልፍ እኔን የሚያይበት ዓይን ትንሽ ተለውጦብኛል። እኔ ከአፌ በስተቀር ሁለመናዬ ጤና ነው።

ይህን ደብዳቤ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በቀብር ማስታወቂያና በድንኳን ኪራይ መካከል የለጠፍኩት ድፍረት በዝቶብኝ አይደለም። ያስቀየመ ሰው ሽማግሌ እንደሚልክ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ ሰፈር ማን ማንን ቢያስቀይም ለእርቅ የሚላኩት እርስዎ ነዎት። እርስዎን ወደ እርስዎ ብልክ ደግሞ፣ እንደ ወጉ ራስዎን ሦስት ጊዜ ከደጅ መልሰው በአራተኛው እንደሚያስገቡ ስለማውቅ፣ ጊዜው አይበቃኝም። ጊዜው እስከ ፊታችን ቅዳሜ ብቻ ነው።

ነገሩን ላልሰሙ የሰሌዳ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ወንድሜ ስሜነህ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሰል ሲያከስልና ሲነግድ ኖሮ፣ በከሰል ገንዘብ ጭስ የሌላት መኪና ሊገዛ ተነሣ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንን በኮንትራት ባሕር ዳር ሊያመላልስባት ነው። መኪናዋ ዳንግላ፣ ጋሼ ደጉ የሚባሉ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ አዲስ፣ ቀይ፣ በቻርጅ የምትሄድ፣ ኋላዋ አጭር ሆኖ በሩ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ የሚከፈት፣ ቁመቷ የቤተሰብ ጠባይዋ የእሽቅድምድም የሆነች እሳት ናት። ወንድሜ አባቴ የሚጨምርለት ተደምሮ ያለው ሦስት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ኩንታል ከሰል እንኳ የለውም። አባቴ ደግሞ ቃሉ አንድ ነው፦ «አያ ዋጋዬ ሳያዩት ከዚህ ቤት ለመኪናም ለዶሮም ብር አይወጣም።» ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ለሌላው ቢያጠራጥር ለእርስዎ አያጠራጥርም።

እኔ የሄድኩት በአማካሪነት ነው። ማዕረጌ የኮሶበር መኪና አፍቃሪዎች ክበብ ሊቀ መንበር ሲሆን፣ ከተማችንን በድሮ ስሟ የጠራናት ሽማግሌዎች ደስ እንዲላቸው ነበር፤ እስካሁን ደስ ያለው ሽማግሌ አልተገኘም። ክበባችን ሁለት አባላት፣ አንድ ስልክና ዜሮ መኪና አለው። ሁለተኛው አባል አብሮኝ አንድ ክፍል የሚማረው ዮናዳብ ነው፤ ስልኩ የእሱ ስለሆነ ጸሐፊም ፎቶ አንሺም እሱው ነው፤ ዳንግላም አብሮን ሄዷል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መሪ የጨበጥኩት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ሲሆን እሱም የቆመ ባጃጅ ሲገፋ ነበር።

በዚህ ከፍተኛ ልምድ ይህችን መኪና ሦስት ሳምንት በቪዲዮ አጥንተናል። ኔትወርኩ ሁልጊዜ የሚቆመው ዋጋዋ ሊነገር ሲል ስለሆነ መልኳን እንደ ዳዊት ደገምነው፣ ዋጋዋን ግን በጸሎት ያዝነው። ዮናዳብ «ፊቷ የተቆጣች ድመት ነው፤ ለዚህ ፊት ይህን ያህል ብር አይከፈልም» ይላል፤ እኔ ደግሞ የሚከፈለው ለቁጣዋ ነው ባይ ነኝ። በዚህ የተነሣ አራት ቀን ተኳርፈናል። በአራቱም ቀን በሁለታችንም ኪስ ውስጥ የባጃጅ መሳፈሪያ አልነበረም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ መልኳ። ግቢው እንደ ገባን እርስዎ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞሯት። ቀይ አላሏትም፤ «ዳማ ናት» አሉ። የፊት መብራቷን ትክ ብለው አይተው «ዓይኗ አፍጧል፤ ያፈጠጠ ዓይን በርጋጊ ነው» ብለው ፈረዱ። ጋሼ ደጉ የቻርጅ መሰኪያዋን ከፍተው ሲያሳዩዎት ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አጮለቁ፤ ዕድሜዋን ከጥርሷ ሊለዩ መሆኑ ሲገባኝ፣ ሦስት ሳምንት ያጠናሁት ትምህርት በሙሉ ከአናቴ ተነሥቶ በረረ።

፪ኛ፦ ስለ ጭራዋ። ወደ ኋላ ዞረው «ጭራዋን ማን ቆረጠው?» አሉ። ኋላዋ አጭር የሆነው በወጉ መሆኑን፣ የዓለም ወጣት የሚያብድላት ለዚሁ መሆኑን በትሕትና ባስረዳ፣ «ጭራ የሚቆርጥ ነጋዴ የሚደብቀው ነገር አለው» የሚል መልስ አገኘሁ። ከኋላ መስታወቷ በላይ ያለችውን ክንፍ «ይችስ መደርደሪያ?» ብለው ጠየቁ። በፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ መሬት ላይ ተጭኖ እንዲይዛት ነው ብዬ መለስኩ። «ነፋስ ካልያዛት የምትጠፋ ከሆነ ገመድ ይረክሳል» አሉ። ዮናዳብ ሳቀ። ከክበቡ ሊታገድ ነበር፤ ስልኩ አዳነው።

፫ኛ፦ ስለ ፍጥነቷ። ከቆመችበት ተነሥታ መቶ ለመድረስ ሰባት ሰከንድ እንደሚበቃት በኩራት አወጅሁ። እርስዎ ግን «የት ልትደርስ?» አሉኝ። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ማለት ነው ብልዎት፣ «በገበያ ቀን በሰባት ሰከንድ የሚደረስበት የሰው በግ ብቻ ነው፤ እሱም ያስከፍላል» አሉ። ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ አስፋልቱ ላይ ቆሜ በሰዓት ስለካ፣ በሰባት ሰከንድ ውስጥ አንድ ጋሪ፣ አራት በግና አንዲት ጥላ የያዙ ሴትዮ አለፉ።

፬ኛ፦ ስለ ጉልበቷ። ይህ ቅሬታ ልቤን የሰበረው ነው። የመጨረሻ ጥይቴን ተኮስኩና መኪናዋ የሁለት መቶ አራት ፈረስ ጉልበት እንዳላት አስታወቅሁ። የዚህ አገር ሽማግሌ ፈረስ ሲባል ይሸነፋል ብዬ ነው። እርስዎም ዓይንዎን ከደን አደረጉ፤ እኔ የዮናዳብን ስልክ ተቀብዬ ቁጥሩን ሳልጽፍ እርስዎ አካፍለው ጨረሱ። «በተጠራው ዋጋ አንዱ ፈረስ ከአሥራ ሰባት ሺህ ብር በታች መጣ። በዚህ ብር እንኳን ፈረስ ደህና ኮርቻም የለ። ይህን ያህል የረከሰ ፈረስ ሕመምተኛ ነው፤ ሁለት መቶ አራት ሕመምተኛ ፈረስ ደግሞ ወረርሽኝ ነው» ብለው ለጋሼ ደጉ አዘኑላቸው። የሒሳብ መምህራችን ይህን ደብዳቤ ካነበቡ፣ በማካፈል የወደቅሁት በማን እንደሆነ ይወቁልኝ።

፭ኛ፦ አምስተኛው ቅሬታ የእኔ አይደለም፤ በእኔ ላይ ነው።

ከወረርሽኙ በኋላ ወደ አባቴ ጠጋ ብለው በአዊኛ አንድ ነገር ሹክ አሉት። አባቴ ከአያቶቹ የወረሰውን አዊኛ ለእኔ ሲያወርስ መንገድ ላይ ስለፈሰሰበት፣ የእኔ ሰላምታ ላይ ይጀምርና «ብዪ» ላይ ያበቃል። ከንግግርዎ የገባኝ «ይችን ከዚህ አውጡልኝ» የሚለው ብቻ ነበር። «ይችን» ማለትዎ መኪናዋን መሰለኝ። አያ ዋጋዬ ተረቱ፣ ሊሞክሯት ነው ብዬ በደስታ ሮጬ የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ለካ «ይችን» የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ይህ የገባኝ ግን በማግስቱ ነው። በሩን ለራሴ ከፍቼ፣ ሳልወጣበት ተመለስኩ።

ተመልሼ ሳይ መኪናዋም አልተነሣች፣ ሰውም አልተነቃነቀ። እንግዲህ የቀራቸው ማሳመን ነው አልኩና፣ በቪዲዮ ያልሰማሁትን ዋጋ ከራሴ አውጥቼ ንግግር አደረግሁ፦ «ጋሼ ደጉ፣ አይስሟቸው! ይህች መኪና እኮ አዲስ አበባ ከሦስት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ በታች አትገኝም! ሦስት ሚሊዮን አምስት መቶ ቢሉን እንኳ በነጻ እንደ ሰጡን ነው!»

ጋሼ ደጉ ላባቸውን ይጠርጉበት የነበረውን መሐረብ በጥንቃቄ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «የኔ ልጅ፣ ዓይኔን ገለጥሽልኝ» አሉ። ወዲያውም ዋጋው ሦስት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ሆነ፤ እስከ ፊታችን ቅዳሜም ለእኛ ብለው እንደሚያቆዩአት ቃል ገቡ።

በመልሱ ሚኒባስ እርስዎ ከፊት፣ አባቴ ከመሐል፣ ስሜነህ ከኋላ፣ እኔና ዮናዳብ ከድንች ጆንያ ጋር ተቀመጥን። እስከ እንጅባራ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኮርቻ ሳይጭኑ ግልቢያ።» ለድንቹ የተነገረ አስመስዬ አለፍኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ አስቀምጦ አስረዳኝ። ፈረስ ገበያ ገማች የሚወሰደው ሊያጣጥል ነው፤ የገዢው ቤተሰብ ደግሞ ለቅሶ ቤት እንደ መጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። «ያጣጣለ ገዢ ነው፤ ያመሰገነ መንገደኛ ነው» ይላል የገበያው ሕግ። ጋሼ ደጉ ሲነሡ ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ብለው ነበር። እርስዎ ጭራዋን ሲቆርጧት መቶ ወረዱ፤ በጉን ሲያስከፍሏት ሌላ መቶ ወረዱ፤ ፈረሶቹ ሲታመሙ ሦስት ሚሊዮን አንድ መቶ ሃምሳ ላይ ደርሰው ነበር። ሃምሳ ሺህ ብቻ ቀርታን ነበር። እኔ በመቀየም ሥራ ተጠምጄ አንዱንም አልሰማሁም።

ስለዚህ ከ፩ እስከ ፬ ያቀረብኳቸው ቅሬታዎች ባሉበት ሆነው ወደ ምስጋና ይዛወሩልኝ።

ምስጋናዬ ከልብ ቢሆንም አንድ ትንሽ ጠጠር አለችበት። ይህን ሕግ ሚኒባስ ሳንሳፈር አንድ ሰው ቢነግረኝ ምን ነበረበት? የሰፈራችን ሽማግሌዎች ዕውቀታቸውን እንደ ሠርግ ሸማ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡና፣ ልጅ ሲያበላሽ ብቻ አውጥተው ያሳዩታል። ስንጠይቅም «ስታድጊ ትረጂዋለሽ» እንባላለን። አደግሁ እንበል፤ ተረዳሁም እንበል፤ ያን ጊዜ መኪናዋ ስንት ትገባ ይሆን?

ወንድሜ ከቅዳሜ ወዲህ አላናገረኝም። ጨው እንዳቀብለው እንኳ የሚጠይቀኝ በእናቴ በኩል ነው። ስሜነህ ቢጮህብኝ እችለው ነበር፤ ያ ልጅ ግን ስምንት ዓመት ጥፍሩ ሥር የገባ የከሰል ጥቁረት ያለው እጁን ትሪው ላይ አሳርፎ ጨው እስኪመጣ ይጠብቃል። በእናቴ በኩል የሚጠየቀውን ጨው ማቀበል በጣም ከባድ ነው፣ አያ ዋጋዬ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፦ በፊታችን ቅዳሜ አንድ ጊዜ እንደገና ወደ ዳንግላ ይሂዱልን፤ ሂደውም ያጣጥሉልን። እኔ እንጅባራ እቀራለሁ። እምነት ካጡብኝ ዳማውን ፈረስዎን ያስጠብቁኝ፤ ከእሱ ጋር ብሟገት ዋጋው አይጨምርም።

ክበባችንም ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ ለማጣጣያ የሚሆኑ ነጥቦችን አዘጋጅቶልዎታል። ሆዷ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው የኮረት መንገድ ላይ በደረቷ ትሳባለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ትጾማለች፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ከጾም ቀን የፍስኩ ቀን ያንሳል። ድምፅ ስለሌላት በግ አይሸሻትም። የኋላ ወንበሯ ላይ ሦስት መምህር ቢቀመጥ የመካከለኛው ዶክትሬቱን እግሩ መካከል ያስቀምጣል። ይህን ሁሉ ስጽፍ ልቤ እየደማ ነው፤ ዮናዳብ ግን ከጻፍናቸው ጥናቶች ሁሉ እውነት ያለበት ይህ ብቻ ነው ብሎ በማሕተም አጽድቆታል። ማሕተማችን የስልኩ ክዳን ነው።

የዳንግላ ሰው ይህን ሰሌዳ አንብቦ እንደሆነ፣ የተጻፈው ስለ ሌላ ደጉ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ፈረስዎ ሳይበረግግ፣ ጉልበትዎ ሳይንቋቋ፣ ቃልዎ መሬት ሳይወድቅ ለብዙ ዓመት እንዲገምቱ እየተመኘሁ፤ በሩን ለራሷ የከፈተች፣ ሁለት መቶ አራት ፈረስ በአንድ አፍ ያስወደደች፣ ከዛሬ ጀምሮ ለቅሶ ቤት እንደ መጣ ሰው አንገቷን የደፋች ታናሽዎ፣

ፍቅርአዲስ ይኸነው
የኮሶበር መኪና አፍቃሪዎች ክበብ ሊቀ መንበር (በራሷ ላይ ባስተላለፈችው ውሳኔ ለጊዜው የታገደች)

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ዕለት ሁላችንም ወጥተን ወደ መናኸሪያ የሚያደርሰንን ባጃጅ ስንጠብቅ፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በትር ረስቻለሁ ብለው ብቻቸውን ወደ ግቢው ተመልሰው ነበር። በትሩ በእጃቸው ነበረ። እኒሁ ሽማግሌ ግራ ቀኝ አይተው መሪው ፊት ተቀመጡ፤ ፈረስ እንደሚያስነሣ ሰውም ምላሳቸውን ሁለት ጊዜ አጮሁ፤ ከዚያ ወርደው የጎን መስታወቷን አቧራ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ጀርባዋን ቸብ ቸብ አድርገው «እሰይ የኔ ዳማ» አሉ። ዮናዳብ በአጥሩ ቀዳዳ የቀረጸው አርባ ሰከንድ ቪዲዮ አለ። ያመሰገነ መንገደኛ ነው ስለሚባል፣ ከእኔ ሌላ መንገደኛ እንደነበረ የሚመሰክረውን ይህን ቪዲዮ ለጋሼ ደጉ የሚያሳይ ከእኛ ወገን አይኖርም፤ ዋጋዋ ሦስት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ብር ከሆነ።