አንደኛ የወጣችው የልጅ ልጄ ክፍል እንድትደግምልኝ ስለመለመን

ለተከበሩ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ጉሮሮዎስ ደኅና ነው ወይ? በወላጆች ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን ውጤት በድምፅ ማጉያ ያን ያህል ሲናገሩ ስለዋሉ፣ እንዳይዘጋብን ሰግቼ ነበር። እኔ ከነጉልበት ሕመሜና ከነግትርነቴ ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ መጥቼ አጥቼዎት አይደለም። አግኝቼዎታለሁ። ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ፣ «አባባ፣ ልጅቷ አንደኛ ወጥታ ምን ጎደለዎት?» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሸኝተውኛል። ትከሻዬ እስካሁን ያመሰግንዎታል፤ አንጀቴ ግን ስላልራሰ በጽሑፍ ተመልሼ መጥቻለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በልብስ ስፌት ነው፤ ፊደሌ እንደ ስፌቴ ቀጥ ባይልም ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሽልማቱ አመሰግናለሁ። የልጅ ልጄ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ «ምርጥ አንባቢ» የሚል ወረቀት በጭብጨባ ተቀብላ ስትመጣ፣ እኔም ኩራቴን መያዝ አቅቶኝ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። በማግስቱ ሳል ስለያዘኝ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ሰጥቼ፣ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ጣቷን ከጽሑፉ ሥር አድርጋ፣ ሳትደናቀፍ፣ «ንብ አበባ ላይ አረፈች። ንብ ማር ትሠራለች» ብላ አነበበችልኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። አልቀለደችም። የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ አስመጥቼ የንቧን ሥዕል በአውራ ጣቴ ብሸፍንባት ማንበቧን አቁማ ጣቴን አየችው፤ ንባቧን የሰረቅሁባት ይመስል።

ሁለተኛ፣ ስለ ዜማው አመሰግናለሁ። ፊደሉን በዜማ ስላስጠኗት ድምፅዋ እጅግ አምሯል። ነገር ግን አንዱን ፊደል ነጥዬ ብጠይቃት፣ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥታ እየዘመረች ካልደረሰችበት አታውቀውም፤ መንገድ ላይ ያስነጠሰ ሰው ካለም እንደገና ከመጀመሪያው ትነሣለች። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ እኔን ጎልማሳውን ስታስተምረኝ፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ፊደል እየጻፈች፣ ጨርቁን እየበወዘች ነበር የምትጠይቀኝ። «በተራ ከጠየቅሁህማ አፍህ እንጂ ዓይንህ አይማርም» ትለኝ ነበር። ዲፕሎማ ስላልነበራት አባባሏን እንደ ሙያ አስተያየት አይቁጠሩብኝ። እኔም እንደ እርሷ ላስተምር ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ ቁጣዬ ቀደመኝ፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ እኔም አኩርፌ ተነሣሁ። ትዕግሥት የእርስዎ ሙያ ስለሆነ ልመናዬ ወደ እርስዎ ዞረ።

ሦስተኛ፣ ስለ ወላጆች ቀን ትርኢት አመሰግናለሁ። ልጆቹ መጽሐፋቸውን ዘርግተው በአንድ ድምፅ ሲያነቡ፣ መስታወት በሌለው መስኮት ነፋስ ገብቶ የፊተኛውን ወንበር መጽሐፍ ገለጠውና የፍየል ሥዕል ወጣ። ልጆቹ በፍየሏ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ ስለ ንቧ ማንበባቸውን ቀጠሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ እርስዎም አጨበጨቡ። ግራ የገባት ፍየሏ ብቻ ነበረች።

መምህራኑን ግን አልወቅስም፤ ይህን እንደ አቤቱታ አይቁጠሩት። ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አምስት ልጅ ደርድረው ሲያበቁ፣ በየሳምንቱ ገጹ ላይ ደርሳችኋል ወይ ይባላሉ፤ ልጆቹ ደርሰዋል ወይ የሚል ጠያቂ ግን የለም። ከመካከላቸው አንዷ (የትኛዋ እንደሆነች ቢጠይቁኝ ጆሮዬ አይሰማም) «አባባ፣ ወደ ኋላ ብመለስላቸው ደስታዬ ነበር፤ ግን ወደ ኋላ የተመለሰ መምህር ሰነፍ ነው የሚባለው» ብላኛለች።

አራተኛው ልመናዬ ነው። ልጅቷ ሁለተኛ ክፍልን ትድገምልኝ። በሰፈሩ ሽማግሌው ጃጀ ይባላል። የገዛ ልጄ፣ የልጅቷ እናት፣ ከሆቴል ልብስ እጥበት ደክማ መጥታ፣ «አባዬ፣ አታዋርደኝ እንጂ! አንደኛ የወጣችን ልጅ ጣሉልኝ ብሎ የሚለምን ሰው የት አገር አለ?» አለችኝ። የምጠራላት አገር ባላገኝም ልመናዬን አልተውኩም። እርስዎ ደግሞ በቢሮዎ «በእኛ ትምህርት ቤት የሚወድቅ ልጅ የለም» ብለውኛል። እውነትዎን ነው፤ ከመሬት ያልተነሣ ከየት ይወድቃል?

በመጪው ዓመት ሒሳቡም ሳይንሱም የሚጠየቀው በጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ በቃሏ ይዛ አትዘልቀውም። ይህን ከእኔም ከእርስዎም ቀድማ ያወቀችው እርሷ ናት። ትናንት ሌላ መጽሐፍ ብሰጣት ሳትከፍተው፣ «አባባዬ፣ ራሴን ያመኛል» አለችኝ። ግንባሯን ዳሰስኩት፤ ትኩሳት የለም። በሰባት ዓመቷ ማፈር ጀምራለች። አለማወቅ እንኳ ይድናል፤ መደበቅን የተማረች ልጅ ግን ነገ እርስዎም ቢፈልጓት አያገኟትም። የሰፋሁትን ኮት እጅጌው ተጣምሞ ሳየው ፈትቼ እንደገና ሰፋዋለሁ እንጂ ሜዳሊያ አላደርግበትም። እርስዎ ሜዳሊያውን ካደረጉበት በኋላ መፍታት እንደሚከብድዎ ይገባኛል፤ ክብርዎን ለመጠበቅ ከፈለጉ ደብተሯ ላይ «በአያቷ ጅልነት ደገመች» ብለው ይጻፉልኝ። እፈርምበታለሁ።

ከወንበርዎ ሳይነቀሉ፣ ከድምፅ ማጉያዎም ሳይለዩ ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣

ግትሩ ልብስ ሰፊ፣ የምርጥ አንባቢዋ አያት

ሳልረሳው፦ መልስዎን በቃል እንዳይልኩብኝ፤ በአጭሩ፣ በጽሑፍ ይሁን። የማስነብበው ሌላ ማንንም ሳይሆን እርስዎ የሸለሟትን ልጅ ነው። ያሉትን በትክክል ካነበበችልኝ፣ ይህን ደብዳቤ ከበሩ ላይ በራሴ እጅ ገንጥዬ በወላጆች ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።