አባቷ የላከላት የጉልበት ክኒን

ልጄ ሺዮሪ፣ ጤናና ሰላም አይለዩሽ። «ለጉልበት ሕመም የሚዋጥ ክኒን ሰው ያሳስራል እንዴ?» ሳትዪ አትቀሪም፤ እዚህ ጃፓን ያሳስራል። ጎረቤታችን ሄልጋ፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ አባቷ ከአገሯ በፖስታ በላከላት ክኒን ታስራ ነበር። እዚያ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት በእኛ ሕግ ክልክል ኖሯል። ትናንት ያለ ክስ ተለቀቀች፤ እፎይ አልን! ዛሬ ጣፋጭ በካርቶን ይዛ በየቤቱ እየዞረች፣ «አስቸገርኳችሁ» እያለች ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። አሮጊቷ ቶሚዬ፣ «ቀና በይ አንቺ ልጅ! አሁን ደግሞ የወገብ ክኒን ልታስልኪ ነው?» ስትላት ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም እየሳቀች አለቀሰች።

እኔ ግን አንቺ የምትውጪው የራስ ምታት ክኒን ትዝ ብሎኝ ድንግጥ አልኩ። በበጋ ከውጭ አገር ይዘሽው ስትመጪ አንጀቴን እንዳታሳርሪው፤ ስሙን አሁኑኑ ጻፊልኝና የመድኃኒት ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ልጠይቅልሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ